የማክሰኞው ዋንጫ

የዊልፍሬድ ታኔትን ሬሳ ያገኙት ረቡዕ ጠዋት በርሜል ሊያራግፉ የመጡ የቢራ አመላላሾች ናቸው። «ሦስቱ ዓሣዎች» ከሚባለው መጠጥ ቤት ጓሮ፣ ከድንጋዩ ደረጃ ግርጌ፣ ሌሊቱን ሙሉ የወረደበትን ዝናብ ጠጥቶ ተጋድሟል። ፒፓው ከጎኑ፣ ባርኔጣው ከፒፓው ራቅ ብሎ። ጭንቅላቱ ያረፈው በባዶ የብረት በርሜል ጠርዝ ላይ ነው።

ኢንስፔክተር ሄዘል ብሪግስ ግራ ጉልበቷን አስፈቅዳ ደረጃውን ወረደች። ስካርቢ የባሕር ዳር ከተማ ናት። እርጥበቷ መጀመሪያ ጉልበት ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ሐሳብ ውስጥ። ሄዘል ላይ ሁለቱም ቦታ ገብቷል።

«አዳልጦት ነው ብለህ ወደ ቤቴ ላከኝ» አለችው ሐኪሙን።

«ደስ ባለኝ። የኮቱ ሁለት ቁልፎች ተበጥሰዋል፤ አንገትጌው ተጨምድዷል። ሰው ጨምድዶ ይዞ ገፍቶታል።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«በዚህ ዝናብ ሰዓት አትጠይቂኝ። አፉን ግን አይቻለሁ፤ ራት የቀመሰ አይመስልም።»

ከኋላዋ የቆመው ሳጅን ኦግደን የሻይ ፔርሙዙን ከደነ። ጡረታው ደጃፍ ላይ የደረሰ፣ ከማንም ጋር መጣላት የማይፈልግ ሰው ነው። «እንግዲያው ለራት ከሚቀርበው ፓይና አተር በፊት ነው የሞተው» አለ። «ዊልፍሬድ ማክሰኞ ማታ የመጀመሪያውን ሳህን ለማንም ለቆ አያውቅም።»

በስካርቢ ማክሰኞ ማታ ምን እንደሚደረግ የማያውቅ የለም። በየወሩ የመጨረሻው ማክሰኞ «ሦስቱ ዓሣዎች» ውስጥ ስድስት ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ተቀምጦ ስለ ታላላቅ ደራሲዎችና ሠዓሊዎች ይጠየቃል። ከተማዋ በዘመኗ አንድ ሠዓሊ አብቅላለች፤ ኢዛያ ፌንዊክ ይባላል፤ ዕድሜውን ሙሉ ጀልባ ሲሥል ኖሮ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ዓሣ አጥማጁም፣ ጡረተኛውም፣ የጥርስ ሐኪሙም ራሱን የኪነ ጥበብ ዘመድ አድርጎ ይቆጥራል። ላለፉት ሃያ ዓመታት ጠያቂው ዊልፍሬድ ነበር። ሽልማቱ ባር መደርደሪያ ላይ ከኦቾሎኒው ጎን የሚቀመጥ የቆርቆሮ ዋንጫ ነው። ለዚያ ዋንጫ ሲባል በዚህ ከተማ ሁለት ትዳር ፈርሷል የሚሉ አሉ። ሄዘል አንዱን ራሷ ታውቀዋለች።

*

የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ዶሪን ብርጭቆ እየወለወለች አለቀሰች፤ እያለቀሰች ወለወለች።

«ሦስተኛው ዙር አለቀ። የሥዕሉን ወረቀት አደለ። ታውቂው የለ፣ የደራሲዎች ፊት፣ ከሥዕል የተቆረጠ ቁራጭ፣ ማን ነው፣ የማን ነው የሚለው። እነሱ ሲያስቡ እሱ ጓሮ ወጥቶ ፒፓውን ያጨሳል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።»

«ሳይመለስ ሲቀርስ?»

«ተቆጥቶ ቤቱ ሄዷል አልን።»

«ምን አስቆጣው?»

«ዊልፍሬድ የሚቆጣበት አያጣም። ባለፈው አንድ ሰው ደራሲና ባለቅኔ አንድ ነው ስላለ ኮቱን ለብሶ ወጥቷል።»

«ታዲያ መልሱን ማን አነበበ?»

ዶሪን ፎጣውን አስቀመጠች። «እኔ።»

«ሰውዬው ጓሮ ሞቶ እናንተ ነጥብ ትደምሩ ነበር።»

«ምን እናውቃለን፣ ኢንስፔክተር? ዋንጫው ማለቅ ነበረበት።»

ከዶሪን ራስ በላይ በመስተዋት የተሸፈነ ደንብ ተሰቅሏል። ስልክ ወደ ዳቦ ቅርጫቱ ይገባል። የጠያቂው ቃል የመጨረሻ ነው። ጠረጴዛዎች ወረቀት ተለዋውጠው እርስ በርስ ያርማሉ። ከታች ደግሞ በቀይ፦ ዙር ተጀምሮ ሳለ ከአዳራሹ የወጣ ሰው፣ ጠረጴዛው የዚያን ዙር ነጥብ በሙሉ ያጣል።

«በሥዕሉ ዙር የወጣ ሰው አለ?»

«እንኳን ሊወጣ የሚያስነጥስ አልነበረም። ስድስቱም ጠረጴዛ ወረቀቱን በክንዱ ጋርዶ አቀርቅሮ ነበር። ከዚያ እኔ ኩሽና ገብቼ ፓይ እያወጣሁ ከገረዷ ጋር ነበርኩ።»

ሄዘል በሥራ ዘመኗ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት አያውቅም። ሠላሳ ያህል ሰው፣ ሁሉም ከወንበሩ ጋር በደንብ የታሰረ፣ ሁሉም ጎረቤቱን በጥርጣሬ የሚጠብቅ። ኦግደን ሲዞር ውሎ ያመጣው ቃል አንድ ዓይነት ነበር፤ ከእኛ ጠረጴዛ ማንም አልወጣም።

ከእነዚህ ውጪ የቀረው አንድ ሰው ነው። በዚያች ሰዓት ምድር ቤት ወርዶ ለብቻው በርሜል ሲቀይር የነበረው ባርማኑ ኪራን። ምድር ቤቱ ደግሞ በጓሮው በር ይወጣል።

*

ኪራን ወጣትነቱን የጨረሰው በወህኒ ቤት ነው። አንድ ሰው በጠርሙስ መትቶ ነበር፤ ሰውዬው ተረፈ፣ ኪራን ግን ገባ። አሁን ከሄዘል ፊት ተቀምጦ እጁን በጉልበቶቹ መሀል ደብቋል።

«ጓሮ አልወጣሁም ብለሃል።»

«አልወጣሁም።»

«የሸሚዝህ እጅጌ ላይ ያለው የዊልፍሬድ ደም ነው።»

ኪራን እጁን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ጥፍሮቹ ሥር ቢጫ ቀለም አለ።

«ሳየው ሞቶ ነበር። በርሜሉን ቀይሬ አየር ልቀበል ብዬ ብቅ ስል ተጋድሟል። አንገቱን ነካሁት። ትርታ የለውም።»

«ለምን ሰው አልጠራህም?»

«እኔ ብጠራ ማን ነው የሚመጣው? እናንተ። ስትመጡ መጀመሪያ የምታዩት ማንን ነው?» ቀና ብሎ አያት። «ሲነጋ ሌላ ሰው ያገኘዋል፣ እኔ የለሁበትም አልኩ። ቂል ነኝ።»

«ኪራን፣ ከዊልፍሬድ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«የፒፓውን አመድ በርሜሎቼ ላይ ያራግፋል። ሁልጊዜ እጮህበታለሁ። ሁልጊዜም ይሰድበኛል። በአመድ ሰው ይገደላል እንዴ?»

«ባነሰም ተገድሎ አይቻለሁ።»

«ቅዳሜ ልጄ ትመጣለች» አለ ኪራን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሮዚ። ከአሳዳጊዎቿ ለኔ ሊሰጧት ፈቅደዋል። የመኝታ ክፍሏን ቢጫ ቀባሁላት። ቅዳሜ እዚህ ካገኙኝ ደግሞ አይሰጡኝም። ዳግመኛ አይጠይቁኝም።»

ሄዘል መዝገቡን ዘጋች። የዋሸ ሰው ሁሉ ገዳይ ቢሆን ኖሮ ከተማዋ ውስጥ ቀባሪ አይገኝም ነበር። ነገር ግን አዛዡ ይህን ፍልስፍና እንደማይገዛት ታውቃለች።

አልገዛትምም። «ደም አለ፣ ውሸት አለ፣ ታሪክ አለ» አላት አዛዡ። «ሌላው ሁሉ ሠላሳ ምስክር አለው። ዓርብ ከምሳ በፊት ክስ ይመሥረት፣ ሄዘል። ደክሞሻል፤ ገብቶኛል። እንዲህ የለየለት ነገር ሲመጣልሽ ደግሞ እግዚአብሔርን አመስግኚ እንጂ አታማርጪ።»

*

ዊልፍሬድን እቀብረዋለሁ ብላ በአደባባይ የዛተች ሴት ስላለች ሄዘል መጀመሪያ ወደ እሷ ሄደች። ፔቱላ ግሬንጅ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። የከተማዋን ግማሽ ሕዝብ በቂጡ መትታ ወደዚህ ዓለም አስገብታዋለች፤ አሁንም እጇ የሚያርፍ አይመስልም። ጠረጴዛዋን «ዘንድሮም ሁለተኛ» ብላ የሰየመችው ራሷ ናት።

«ዝቼ ነበር፣ የኔ ልጅ። አልክድም። ማየት ተስኖት ከዚያ በኋላ የጻፈው ደራሲ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። እንደዚያ ዓይነት ሁለት ናቸው። እሱ አንዱን ብቻ ተቀበለ። የሎማክስን።»

«ሎማክስ ማን ነው?»

«ሴድሪክ ሎማክስ። የሥዕል መምህር የነበረው። ጠረጴዛቸው 'የማናውቀው የለም' ይባላል፤ ልብ በይ፣ እነሱ ናቸው ራሳቸውን እንዲህ ያሉት። ስድስት ዓመት በተከታታይ በልተውናል። ማክሰኞም በአንድ ነጥብ በሉን።»

«በሥዕሉ ዙር ከእናንተ የወጣ የለም?»

ፔቱላ በሐዘኔታ አየቻት። «ብወጣ ኖሮ እነ ሎማክስ እስከ ባሕሩ ድረስ የሚሰማ ጩኸት ያሰሙ ነበር። እነሱም ቢወጡ እኔ። በእርግጥ የጥጉን ጠረጴዛ ከምሰሶው ጀርባ ሆኜ በደንብ አላየውም፤ ቦታው ከድሮም የነሱ ነው። ግን የሎማክስ ኮት ወንበሩ ላይ ነበር፣ አይቻለሁ።»

ሻይ ቀዳችላት፤ ወተቱን ሳትጠይቅ ጨመረች። ከዚያ አሮጊቷ ፊት ላይ ድንገት የልጅ ፈገግታ መጣ።

«በአንድ ነገር ግን አንጀቴ ራሰ። የነሱን ወረቀት ያረምነው እኛ ነን። ፌንዊክን ሳቱት፣ የኔ ልጅ። የገዛ ከተማችንን ሠዓሊ። አምስታችንም ጠረጴዛ ያገኘነውን እነሱ 'አንድ ሆላንዳዊ' ብለው ጽፈዋል። ሆላንዳዊ! ቀይ ምልክቱን ሁለት ጊዜ አደረግሁበት።»

ሄዘልም ፈገግ አለች። የሰው ደስታ ደግ ነገር ነው። ሻይዋን ጨርሳ ወጣች፤ ነገሩንም እዚያው ተወችው።

*

ሴድሪክ ሎማክስ ቤት ውስጥ ግድግዳ አይታይም፤ ሥዕል ነው። አብዛኛው ቅጂ ነው፤ አብዛኛው ጀልባ ነው። ሰውዬው ቀጭን፣ ክራቫቱን ለራሱ ብቻ እንኳ የሚያስር ዓይነት ነው። ከአጠገቡ የሠፈሩ ጥርስ ሐኪም ባዚልና ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የምትመታው ኢዲት ተቀምጠዋል። ሦስቱ አብረው እንዲጠብቋት ሄዘል አልጠየቀችም። አብረው ጠበቋት።

«ከጠረጴዛችሁ የተነሣ ሰው አለ?»

«ማንም» አለ ባዚል።

«ማንም» አለች ኢዲት፣ ጥቂት ፈጠን ብላ።

«የሥዕሉ ዙር እንዴት ነበር?» ስትል ሄዘል ሎማክስን ጠየቀችው፤ ዝም ማለት ስላልፈለገች እንጂ መልሱ አላጓጓትም።

«የልጅ ጨዋታ» አለ ሎማክስ። «አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ካስተማረው በኋላ ፊት ማወቅ ምን ከባድ ነው?»

«ከዊልፍሬድ ጋርስ?»

«የሠላሳ ዓመት ወዳጄ ነው። ባለቤቴ ስትሞት ሦስት ሳምንት ሾርባ ያመላለሰልኝ እሱ ነው።» ክራቫቱን ነካ አደረገ። «ያ ልጅ፣ ባርማኑ፣ በጥሩ ሁኔታ ነው የያዛችሁት?»

«ታስሮ ጥሩ ሁኔታ የለም፣ ሚስተር ሎማክስ።»

ባዚል ሲሸኛት ደጃፉ ላይ ቆም አለ። «ኢንስፔክተር፣ የሞተው ሰው ነገር ያሳዝናል። ግን ዋንጫው ላይ ችግር አያመጣም፣ አይደለም? ስማችን ገና አልተቀረጸበትም።»

ሄዘል ጥያቄውን እንደ ሌላው የሰው ሞኝነት ሁሉ አለፈችው።

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ውስጥ ሄዘል የክሱን ወረቀት ከፊቷ አድርጋ ብዕር ትፈልግ ነበር። ብዕሩ እጇ ላይ ነው። ኦግደን ከማዶ ተቀምጦ የማክሰኞውን የሥዕል ወረቀት፣ ከመጠጥ ቤቱ ከተሰበሰበው ዕቃ መሀል አውጥቶ፣ ከብስኩቱ ጋር ያላምጠዋል።

«ይህ ጢማም ሰውዬ ደራሲ ነው ሠዓሊ?»

«አላውቅም፣ ኦግደን።»

«ይቺን ደግሞ አውቃታለሁ። ፌንዊክ ነው። ጀልባዎቹን በጀርባቸው ነው የሚሥላቸው፣ ሊሄዱ ሲሉ።»

«አንተ ከመቼ ወዲህ ነው የሥዕል ሰው የሆንከው?»

«ባለቤቴ ናት። በየመከሩ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ንግግር አለ፤ ይቺኑ ሥዕል ግድግዳውን በሚያክል መጋረጃ ላይ ያሳዩናል። እየጎተተች ትወስደኛለች። ሁለት ጊዜ ተኝቻለሁ፤ ሁለት ጊዜም ስነቃ ያው ጀልባ ነው። በዚህ ከተማ ያን ንግግር ያልሰማ የለም።»

«ንግግሩን የሚያደርገው ማን ነው?»

«ሎማክስ ነዋ። ፌንዊክ ላይ ጥርሱን የነቀለ ሰው ነው።»

ሄዘል ብዕሩን አስቀመጠች።

አምስቱ ጠረጴዛ አውቆታል፤ ሎማክስ አስተምሮት ነው ያወቀው። ያልታወቀው ሎማክስ ራሱ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ነው። በዚህ ዓለም ላይ ያችን ሥዕል አንድ ሆላንዳዊ ብሎ ሊያሳልፋት የማይችል አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ቢተኛ እንኳ በእንቅልፍ ልቡ ያርማት ነበር።

«ኦግደን፣ የጥጉ ጠረጴዛ ከየትኛው በር አጠገብ ነው?»

«ከሽንት ቤቱ መተላለፊያ። ምነው?»

«መተላለፊያውስ ወዴት ይወጣል?»

ኦግደን ብስኩቱን ከአፉ መለሰ። «ወደ ጓሮው» አለ።

«ኮቱ ወንበሩ ላይ ነበር አለችኝ ፔቱላ። ኮቱን እንጂ እሱን አየሁት አላለችም።»

«ግን ባዚልና ኢዲት ምለዋል እኮ፣ አለቃ። ኢዲት የቤተ ክርስቲያን ሰው ናት። ለነፍሰ ገዳይ ይዋሻሉ?»

«ለነፍሰ ገዳይ አይዋሹም» አለች ሄዘል ኮቷን እያነሣች። «ለቆርቆሮው ግን ይዋሻሉ።»

*

ዶሪን የተጠየቀችው ነገር ሲገባት ባሩን በሁለት እጇ ያዘች።

«ዋንጫው ይሰረዝ? ጦርነት ጊዜ እንኳ አልተሰረዘም።»

«ጦርነት ጊዜ ጓሮሽ ውስጥ ጠያቂ አልተገደለም። ጠያቂው ሳይጨርስ ሞቷል፤ የጠያቂው ቃል ደግሞ የመጨረሻ ነው። የራስሽ ደንብ ነው። ማክሰኞ እንዳልነበረ ይቆጠር። ማንም አላሸነፈም፣ ማንም አልተሸነፈም። ለሁሉም ደውዪ።»

«ፔቱላ ትገድለኛለች።»

«ተራዋን ትጠብቅ።»

ሄዘል ባዚል ሕክምና ቤት ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ገብቷል። ሰውዬው ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ የተነፈሰ ፊኛ መስሎ፣ በታካሚው ወንበር ላይ ተጋድሟል።

«ስድስት ዓመት» አለ ወደ ጣሪያው እያየ። «ሰባተኛውን ዓመት ደግሞ በአንድ ነጥብ ድል ጀምረን ሳለ።»

«አዝናለሁ። አሁን ነገሩ ካለቀ ዘንድ ልጠይቅህ። በሥዕሉ ዙር ሎማክስ የት ሄዶ ነበር?»

ባዚል አላመነታም። እንዲያውም ቀለል አለው። «ሽንት ቤት ነዋ። ምስኪን፣ በእርጅናው ፊኛው አስቸግሮታል። ያቺ ጨካኝ ደንብ ባትኖር ኖሮ መቼ እንደብቅ ነበር? ነጥቡ በሙሉ ሊሰረዝ፣ አምስተኛ ልንወጣ! ለሽንት?»

«ወጣ ብሎ ወዲያው ተመለሰ?»

«ኧረ ቆየ። እኔና ኢዲት ነን ታግለን የጨረስነው። ሊሰበሰብ ሲል መጣ። 'ጀልባዎቹ አስቸገሩን፣ ሆላንዳዊ ብለናል' አልኩት፤ ስድቡን እየጠበቅሁ። የሱን ንግግር አንድም ቀን ሄደን ሰምተን አናውቅም፤ ወዳጅ ነና ይቅር ይለናል ብለን።»

«ምን አለህ?»

ባዚል ከወንበሩ ቀና አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ቅሬታ ቀስ በቀስ ሌላ ነገር ሆነ።

«ምንም» አለ። «ወረቀቱን አየ። እርሳሱን አነሣ። መልሶ አስቀመጠው። እጁ እርጥብ ነበር፤ ታጥቦ ነው ብዬ ነው።» ቆየት ብሎ «ኢንስፔክተር፣ ጸጉሩም እርጥብ ነበር» አለ።

*

ሎማክስ በሩን ከፈተላት፤ ብቻዋን ወደ ውስጥ አስገባት። ኦግደን መኪናው ውስጥ ቀረ። ጠረጴዛው ላይ አንድ የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ማንኪያ አለ።

«እንቁላልህን ብላ» አለችው።

«ቀዝቅዟል።» ተቀመጠ። «ዶሪን ደውላ ነበር። ሰረዝነው አለች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ባዚል ምስጢር የሚጠብቀው ለትርፍ ነው።»

«ፌንዊክን ሳትከው።»

ሰውዬው ዓይኑን ጨፈነ። በግድግዳው ላይ ያሉት ጀልባዎች ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተውታል።

«ባለቤቴ ማርጀሪ ስትሞት» አለ፣ «ከቤት አልወጣም ብዬ ነበር። ዊልፍሬድ ጎትቶ ማክሰኞ ወሰደኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ሰኞ ሾርባ ይዞ መጣና እንደ ዋዛ 'አንተን ብሆን ለነገ ስለ እንትና አነብ ነበር' አለኝ። አነበብኩት። አሸነፍን። ሰው ሁሉ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። በሚቀጥለውም ወር መጣ። በሚቀጥለውም።»

«ስድስት ዓመት።»

«ርኅራኄ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ልማድ ሆነ። መምህር የነበርኩበት ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ያስተማርኳቸው ልጆች በመንገድ ሲያገኙኝ ስሜን ይረሱታል። ማክሰኞ ግን ሁሉንም የሚያውቀው ሎማክስ ነኝ። በዚህ ማክሰኞ ለሽንት ስወጣ ጓሮው በር ላይ 'ሴድሪክ፣ ደከመኝ' አለኝ። 'ፔቱላ ስታለቅስ አየኋት፣ መኪናዋ ውስጥ። ዛሬ ከፓዩ በኋላ ለሁሉም እነግራለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ' አለኝ። እንዳይናገር ለመንኩት። ያዝኩት። ገፋሁት እንኳ አልልም...»

«ቁልፎቹ ተበጥሰዋል።»

«አዎ» አለ። «ገፋሁት።»

ሄዘል ጠበቀች። ሰው ሲናገር አለማቋረጥ ከሥራዋ ሁሉ የማያደክማት ይህ ብቻ ነው።

«ተመልሼ ተቀመጥኩ። ምን አስቤ እንደሆነ አላውቅም። ወረቀቱን ሳይ ፌንዊክ አለ። ያን ወር ስለ እሱ ምንም አልነገረኝም ነበር። ሊነግረኝ አላስፈለገውም። ገባዎት? ያችን ለኔ ብሎ ነው ያስገባት። አንዷን በራሴ እንዳገኛት።» እጁን አየ። «እርሳሱን አነሣሁት። አልጻፈልኝም።»

«የታሰረው ልጅስ?»

«ይለቁታል ብዬ ነበር። ማስረጃ ሲያጡ ይለቁታል እያልኩ...»

«ነገ ከምሳ በፊት ልከሰው ነበር። ቅዳሜ ሴት ልጁ ትመጣለች። ክፍሏን ቀለም ቀብቷል።»

ሎማክስ ይህን ሲሰማ ነው ያለቀሰው፤ በጣም ትንሽ፣ እንደ ቁጥብ ሰው። ከዚያ ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ፤ ክራቫቱን አስተካከለ፤ እንቁላሉንም ለድመት ይሁን ለማን መስኮቱ ላይ አስቀመጠው።

*

ዓርብ ጠዋት ጣቢያው በር ላይ ባዚል ቆሞ ጠበቃት። ሌሊቱን አልተኛም፤ ፊቱ ያስታውቃል። ኢዲት እቤቷ ሆና ከሰው አልነጋገርም ብላለች አለ። ስለ ሴድሪክ ጠየቀ፤ ሊጠይቀው ይፈቀድለት እንደሆን፣ ወፍራም ካልሲ ያምጣለት እንደሆን። ሄዘል መለሰችለት። ሊሄድ ዞረና ተመለሰ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ። «ደንቡ በትክክል ቢሠራ፣ የኛ የሥዕል ዙር ብቻ ነው የሚሰረዘው። ሙሉው ማታ አይደለም። እንደዚያ ከሆነ ፔቱላ...»

«አሸንፋለች።»

ባዚል ራሱን ነቀነቀ። «ይነገራት» አለ። ይህን ለማለት ምን ያህል እንደከበደው ሄዘል አየች፤ ጥቂት ወደደችውም።

ለፔቱላ ኦግደን ነገራት። ዋንጫውን አልፈልግም አለች፤ ዊልፍሬድ መቃብር ላይ አስቀምጡት አለች፤ ከዚያ ደግሞ ዝናብ ያዝገዋል ብላ ወሰደችው።

ኪራንን ሄዘል ራሷ በመኪናዋ ወደ ቤቱ አደረሰችው። ይቅርታ ልትጠይቀው ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ሁለቱንም ጊዜ የትራፊክ መብራት ቀይ በራባት። እሱም አላገዛትም። ቤቱ ሲደርሱ ከመኪናው ሳይወርድ ቆየ።

«ከማክሰኞ ጀምሮ መስኮቱ ዝግ ነው» አለ። «የቀለሙ ሽታ አልለቀቀም ይሆናል። ልጅ ራሷን ያማታል እንዴ?»

«ዛሬ ሙሉ ቀን ክፈተው» አለችው። «ለነገ ይወጣል።»

ወረደ። ሄዘል ሞተሩን ሳታስነሣ ጠበቀች። ትንሽ ቆይቶ ከላይ ያለው መስኮት ተንገራገጨ፤ በእርጥበት አብጦ ነበርና አልከፈት አለ፣ ኪራን በትከሻው ገፋው፣ ተከፈተ። ከውስጥ፣ በዚያ አመዳም ሰማይ ሥር፣ ቢጫው ግድግዳ ታየ።

ጉልበቷን አስፈቅዳ ማርሽ አስገባች።